መንታ ሰዓቶች፦ ከፍለሪዬ እስከ ካንቶን

(በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ምስሉን ለአፍታ እንድትመለከቱት እጠይቃለሁ። ሁለት የኪስ ሰዓቶች ናቸው፤ ጀርባቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። እያንዳንዳቸው በመዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ዙሪያቸው ለሁለት በተከፈለ ሉል ተከቧል፤ መካከላቸው ላይ በኢናሜል የተሣለ የአበባ እቅፍ አለ። የግራውን ሥዕል አስተውላችሁ ወደ ቀኙ ብትሻገሩ ያው አበባ ነው። ነገር ግን በግራው ሰዓት ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ጽጌረዳ በቀኙ ላይ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሠዓሊው ሁለተኛውን የሣለው የመጀመሪያውን በመስተዋት ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነው።

ሰዓቶቹ የተሠሩት በስዊዘርላንድ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ በስዊዘርላንድ እነርሱን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ገና ሲታሰቡ ጀምሮ መንገዳቸው ወደ ጓንግዡ፣ በዚያን ዘመን አጠራር ወደ ካንቶን ነበር። በዘርፉ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «የቻይና ሰዓት» ይባላሉ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ዕዳ ስላለብኝ ነው። የዶክትሬት ድርሳኔን በምጽፍበት ጊዜ ለእነዚህ ሰዓቶች አንድ ገጽ ተኩል ሰጥቻቸው ነበር። በዚያ ገጽ ላይ ቻይናውያን የአውሮፓን ሰዓት የተቀበሉት እንደ መጫወቻ እንደሆነ፣ ጊዜን ለመለካት ግን እንዳልፈለጉት ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ፤ ፈታኞቼም አልነኩብኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ አስተማርኩት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ትምህርት ከእኔ የሰሙ ፊቶች አያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ቃሌን ልመልስ ነው።

በእርግጥ ብቻዬን አልተሳሳትኩም። ካርሎ ቺፖላ በ1967 ባሳተሙት ሥራ፣ ዴቪድ ላንደስም በ1983 ባሳተሙት ትልቅ የሰዓት ታሪክ፣ በየራሳቸው መንገድ ወደዚህ ሐሳብ አዘንብለዋል። ሁለቱም ታላላቅ ሊቃውንት ናቸው፤ ዛሬም አነባቸዋለሁ፤ አስነብባቸዋለሁም። ነገር ግን ከታላላቅ ሰዎች ጋር መሳሳት ስሕተቱን አያቀልለውም፤ ይልቁንም ለማየት አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ሰዓቶች ሁለት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1601 ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ማቴዎ ሪቺ ለንጉሠ ነገሥት ዋንሊ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል ሁለት ሰዓቶች ነበሩ። ቻይናውያን ይህን ዕቃ «ዚሚንግጆንግ» አሉት፤ በራሱ የሚደውል ደወል ማለት ነው። ሰዓት ግን እንደ ሥዕል ሰቅለውት የሚረሱት ነገር አይደለም። የሚሞላው ይፈልጋል፤ ሲቆም የሚጠግነው ይፈልጋል። ሪቺና ጓደኞቹ በቤጂንግ ለመቆየት ፈቃድ ያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። በኋላም ከ1661 እስከ 1722 በነገሠው በካንግሺ ዘመን ቤተ መንግሥቱ የራሱን የሰዓት ሥራ ቤት አቋቋመ፤ የኢናሜል ሥራ ቤትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ካንግሺ የኢናሜልን ሥዕል እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በቤተ መንግሥቱ የነበሩትን ሁለት ኢጣሊያውያን ሚሲዮናውያን፣ ካስቲሊዮኔንና ሪፓን፣ በኢናሜል እንዲሥሉ አዘዘ። ሁለቱ ሰዎች ከጧት እስከ ማታ ከሥራ ቤቱ እንዳይታሠሩ በመፍራት ሆን ብለው አበላሽተው ሣሉ፤ ንጉሡም ይበቃል አላቸው። ይህን የምናውቀው ሪፓ ራሱ በማስታወሻው ስለጻፈው ነው። ካስቲሊዮኔ ከቻይና ቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ከ1757 ጀምሮ የቺንግ መንግሥት ምዕራባውያን ነጋዴዎች በአንድ ወደብ ብቻ፣ ይኸውም በካንቶን፣ እንዲገበያዩ ወሰነ። በዚያም ቢሆን የሚገበያዩት ከማንም ጋር አልነበረም፤ ፈቃድ ከተሰጣቸው ጥቂት ቻይናውያን ባለ ንግድ ቤቶች ጋር ነበር። እንግሊዞች ሻይ አጥብቀው ይፈልጋሉ። ቻይናውያን ግን ከእንግሊዝ ሱፍ የሚፈልጉት እምብዛም ነበር። ስለዚህ ሻዩ የሚከፈለው በብር ነበር፤ ብሩም በመርከብ እየተጫነ ወደ ምሥራቅ ይፈስ ነበር። ከጥቂቶቹ ተፈላጊ የአውሮፓ ዕቃዎች አንዱ ሰዓት ሆነ፤ ዜማ የሚያሰማ፣ ወፍ የሚያዘምር፣ አሻንጉሊት የሚያስጨፍር ሰዓት። በካንቶን የነበሩ እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ዕቃ በወደቡ ቅይጥ ቋንቋ «ሲንግ ሶንግ» ይሉት ነበር።

ማን ይገዛዋል? መልሱ ያን ያህል የሚያስደስት አይደለም። ባለ ፈቃድ ነጋዴዎቹ ይገዙታል፤ ለጉምሩኩ ሹም ያቀርቡታል፤ ሹሙም ወደ ላይ ያሻግረዋል፤ በመጨረሻም ቤጂንግ ይገባል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ሲተረጉሙ አንዴ ስጦታ፣ አንዴ ግብር፣ አንዴ ጉቦ እያሉ ይቸገራሉ። አማርኛ በዚህ አይቸገርም፤ እጅ መንሻ የሚል ቃል አለን። እጅ መንሻው ግን የሚያደኸይ ነበር። ነጋዴዎቹ ውድ ሰዓቶችን ከኪሳቸው ገዝተው ለሹማምንት ማቅረባቸው ለብዙዎቹ ኪሳራ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነበር። በ1799 የቺያንሎንግ ባለሟል የነበረው ኼሸን ሀብቱ ሲወረስ በመዝገቡ ላይ ብዙ ሰዓቶች መገኘታቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

በለንደን በኩል የዚህ ንግድ ትልቁ ስም ጄምስ ኮክስ ነው። በ1772 በለንደን የራሱን ሙዚየም ከፍቶ እንቁ ለብሰው የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎቹን በክፍያ ያሳይ ነበር። በተራራማው የኑሻቴል ግዛት ይሠሩ የነበሩት የዣኬ ድሮ አባትና ልጅም ለዚሁ ገበያ ሠርተዋል። የኮክስ ልጅ የአባቱን ዕቃ ለመሸጥ ካንቶን ወረደ፤ በዚያም የንግድ ቤት አቋቋመ። የዚህን ንግድ ቤት ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1793 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኛ ሎርድ ማካርትኒ ብዙ ሳጥን ስጦታ ይዞ ቻይና ሲደርስ፣ ጄሆል በሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ የበጋ መኖሪያ ያሉትን እልፍኞች አሳዩት። እልፍኞቹ በአውሮፓ ሰዓቶችና መሣሪያዎች የተሞሉ ነበሩ። ማካርትኒ ይዞት የመጣው ስጦታ በእነዚህ አጠገብ ሲታይ እንደሚያንስ በማስታወሻው መዝግቧል። ቺያንሎንግ ለጆርጅ 3ኛ በጻፈው ዝነኛ ደብዳቤ የእናንተ ብልኃት ያለበት ዕቃ አያስፈልገንም ማለቱን ሁላችን ተምረናል። ብዙ ጊዜ የማንማረው ዕቃው ቀድሞውኑ ቤቱ መሙላቱን ነው።

አሁን ወደ ኢናሜሉ ልግባ፤ እዚህ ላይ ከሌላው ረዘም አድርጌ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

ኢናሜል መስታወት ነው። ሁላችንም በእናቶቻችን ቤት የምናውቀው ነጩ ሳህን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው፣ ሲወድቅ የሚፈረፈረው፣ ያው ነገር ነው። መስታወቱ ይወቀጣል፤ ልሞ እንደ ዱቄት ይሆናል፤ በውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ቀለሙን የሚሰጡት ማዕድናት ናቸው፤ ኮባልት ሰማያዊውን፣ መዳብ አረንጓዴውን፣ ወርቅ ደግሞ ያንን ሐምራዊና ጽጌረዳማ መልክ ይሰጣሉ። ዱቄቱ በወርቅ ገጽ ላይ ይነጠፍና ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ውስጥ ይገባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቀልጣል፤ ይተኛል፤ ያንጸባርቃል።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ወርቅና መስታወት ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ሲቀዘቅዙም እኩል አይሰበሰቡም። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ስለዚህ ሠራተኛው ማንም በማያየው በውስጥ በኩልም ኢናሜል ይቀባል፤ ሁለቱ ወገን እንዲመዛዘኑ። ከዚያ ሥዕሉ ይመጣል። ሠዓሊው ቀለሙን በዘይት ለውሶ፣ ጥቂት ፀጉር ባላት ብሩሽ፣ በማጉያ መነጽር ሥር ይሥላል። ቀለሞቹ ሁሉ በአንድ ሙቀት አይቀልጡም። ብዙ ሙቀት የሚችሉት ቀድመው ይገባሉ፤ ለስላሶቹ በኋላ። አንድ አበባ ብዙ ጊዜ እቶን ገብታ ትወጣለች፤ በየመግቢያዋም ያለፈው ሥራ ሁሉ አብሮ ይፈተናል። በመጨረሻው እሳት የተሰነጠቀ ሥራ ከመጀመሪያው እሳት እንደተሰነጠቀው ይጣላል፤ የወራት ድካም ስለሆነ የሚማርለት የለም።

የጄኔቫ ሠራተኞች ከዚህ በላይ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ቀለም በሌለው ጥርት ያለ መስታወት ይሸፍኑትና ይወለውሉታል። ሥዕሉ ከውኃ በታች እንዳለ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎቹ ላይ ደግሞ፣ ይህን ምስል ተመልከቱ፣ ወርቁ በመሣሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር ይቀረጽና አሳላፊ በሆነ ሰማያዊ ወይም ቀይ ኢናሜል ይሸፈናል። ሰዓቱን በእጃችሁ ስታዟዙሩት ጨረሩ አብሮ ይዞራል። በፎቶግራፍ ይህ አይታይም፤ አዝናለሁ።

ሠዓሊዎቹ እነማን ነበሩ? ከ1766 እስከ 1841 የኖረው ዣን ልዊ ሪሽቴር በዘመኑ ስም ካተረፉት አንዱ ነው፤ የሐይቅና የወደብ ሥዕሎቹ ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ግን በሥራቸው ላይ አልፈረሙም። ሠራተኞቹ ብርሃን ለማግኘት ሲሉ ሴን ዠርቬ በተባለው የጄኔቫ ሰፈር በቤቶች የላይኛው ፎቅ ላይ ይሠሩ ነበር። ሰዓቱ ላይ የምታነቡት ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሠሪው አይደለም። «ኢልበሪ፣ ለንደን» የሚል ሰዓት ስትከፍቱ ውስጡ የስዊዘርላንድ፣ ኢናሜሉ የጄኔቫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የለንደን ስም በካንቶን ስለሚታመን ነበር። የሠሪው ስም የተሸጠበት ከተማ ስም ሲተካው በታሪክ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

የለንደንን ስም ካስቀሩት ሰዎች አንዱ ኤድዋር ቦቬ ነው። በ1797 በኑሻቴል ግዛት፣ ቫል ደ ትራቬር በተባለው ሸለቆ፣ ፍለሪዬ በምትባል መንደር ከሰዓት ሠሪ አባት ተወለደ። ወጣት ሳለ ከወንድሞቹ ጋር ለንደን ሄደ፤ በ1818 ወደ ካንቶን ተላከ። እዚያ እንደደረሰ አራት ሰዓቶችን በ10,000 ፍራንክ ሸጠ ተብሎ በቤቱ ይተረካል። የንግድ ቤት የራሱን አጀማመር ሲተርክ ቁጥሩ እንደማያንስ እናውቃለን፤ ሆኖም በ1822 ከወንድሞቹ ጋር የራሱን ኩባንያ ማቋቋሙ የሚያከራክር አይደለም። በካንቶን ገበያ የቤተሰቡ ስም ራሱ የሰዓት መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በአንዳንዶቹ ሰዓቶች ላይ ስሙ ከኋላ ወደ ፊት ተጽፎ «ተቮብ» የሚል ይነበባል።

ኤድዋር በ1830 ወደ ፍለሪዬ ሲመለስ ቻይና የተወለደ ልጁን ይዞ ተመለሰ። ኑሻቴል ያን ጊዜ የፕሩሲያ ንጉሥ ግዛት ነበረች። እርሱ ሪፐብሊካዊ ስለነበር በ1831 የተነሣው ዓመፅ ሲከሽፍ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቤዛንሶን፣ ተሰደደ። የፍለሪዬ ገበሬዎች ግን በክረምት በረዶ ሲዘጋባቸው በየቤታቸው ጥርስ እየሞረዱ፣ ሞላ እየጠቀለሉ የቻይና ሰዓት መሥራታቸውን ቀጠሉ። የዚህን ሸለቆ ታሪክ በሚገባ የጻፈው አልፍሬድ ሻፒዊ ነው፤ በ1919 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዚህ ጥናት መነሻ ነው።

ስለ ጥንዶቹ ልናገር ቃል ገብቻለሁ። ሰዓቶቹ በብዛት በጥንድ ይሸጡ ነበር። የቆየው ማብራሪያ አንዱ ለጥገና ሲሄድ ሌላው እንዲቀር ነው ይላል። ካንቶን ከፍለሪዬ በመርከብ የብዙ ወራት መንገድ ስለሆነ ማብራሪያው የማይመስል አይደለም። ግን መለዋወጫ ከሆነ ሥዕሉን መገልበጥ ለምን አስፈለገ? መለዋወጫ ቢመስል ነው የሚሻለው። በቻይና ልማድ መልካም ስጦታ በጥንድ ይሰጣል፤ ጥንድ የደስታና የመልካም ዕድል ምልክት ነው። በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አበቦቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ነው የተገለበጡት። የጄኔቫ ሠዓሊ ካንቶንን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ሰዓቶቹ በማን ቤት፣ በምን ዓይነት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጡ ያውቅ ነበር። ገዢው ሥዕሉን አዟል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዕዳዬ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ሳስተምር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አነሣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «መጫወቻ ከሆነ የሰከንድ ቆጣሪ ለምን ያስፈልገዋል?» አለችኝ። በዚያን ዕለት የሰጠኋትን መልስ ባስታውሰው ደስ አይለኝም። ቀልድ ነበር፤ ክፍሉም ሳቀ። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ምክንያቱም እውነቷን ነበር። በአብዛኞቹ የቻይና ሰዓቶች ላይ ከመካከል የሚነሣ ረጅም የሰከንድ ቆጣሪ አለ። በተራ ሰዓት ይህ ቆጣሪ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። በእነዚህ ላይ ግን በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ዘልሎ ይቆማል። ይህን ማድረግ ከባድ ነበር፤ በመጀመሪያ ተጨማሪ መንኮራኩርና ተጨማሪ ሞላ ይጠይቅ ነበር። በ1830 ሻርል ኤድዋር ዣኮ የተባለ ሰዓት ሠሪ ቀላል መንገድ አገኘለት፤ የመንኮራኩሩን ጥርሶች ጫፍ እንደ ሹካ ለሁለት ከፈላቸው፤ ቆጣሪውም አንድ እርምጃ ለመራመድ ሁለቱንም ጫፎች መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሰዓት ሠሪዎች እስከ ዛሬ ይህን አሠራር በቻይና ስም ይጠሩታል። ከዚህም በላይ የሰዓቱ ውስጠኛ ክዳን ከመስታወት ይሠራ ነበር፤ ባለቤቱ በአበባ ሐረግ የተቀረጸውን መኪና ሲዞር እንዲያይ። የአውሮፓ ገዢ በዚያ ዘመን የሰዓቱን ሆድ ለማየት አይከፍልም ነበር።

ከዚያ የማላነበውን ማንበብ ጀመርኩ። የቻይና ቀን በ12 ሺቼን ይከፈላል፤ አንዱ ሺቼን የእኛ ሁለት ሰዓት ነው፤ እርሱም ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ቀኑ ከጥንት ጀምሮ በመቶ «ኬ» ይከፈል ነበር። የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1645 አዲስ የቀን አቆጣጠር ሲያውጅ መቶው 96 ሆነ፤ ይህም አንዱን «ኬ» በትክክል 15 ደቂቃ ያደርገዋል። ሩብ ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ በካንቶን ያለ ሰው የፍለሪዬን ሰዓት ገጽ ሲያይ የራሱን ጊዜ ያለ ብዙ ችግር ያነብበት ነበር። ይህን ለመረዳት እኛ ከማንም የቀረብን ነን፤ ሰዓታችን አንድ ላይ ሲሆን ሰባት ሰዓት ነው የምንል ሰዎች አንድ ገጽ በሁለት ቋንቋ መነበብ እንደሚችል ልናጣው አይገባም ነበር። እኔ አጣሁት።

በ1809 ደግሞ ሹ ቻዎጁን የተባለ ሰው ስለ ደወል ሰዓትና ስለ ኪስ ሰዓት በሥዕል የታገዘ መጽሐፍ ጻፈ፤ ክፍሎቹን በስም እየዘረዘረ፣ ብልሽታቸውንና መፍትሔውን እየተናገረ። ጸሐፊው የማቴዎ ሪቺ ወዳጅና የሥራ ተባባሪ የነበረው የሹ ጓንግቺ ዘር ነው። መጫወቻ ነው ለተባለ ዕቃ የጥገና መጽሐፍ የሚጽፍ ማን ነው? በካንቶንና በሱጆው የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ሰዓት ይሠሩ እንደነበርም ካትሪን ፓጋኒ በ2001 ባሳተመችው ጥናት በሰፊው አሳይታለች።

በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጻዎ ሹዌቺን በጻፈው «የቀይ ሰገነት ሕልም» በተባለው ታላቅ ልብ ወለድ ውስጥ ሁለት ቦታዎች አሉ። በመጀመሪያው፣ ከገጠር የመጣች አሮጊት በባለጸጎች ቤት የሰዓት ድምፅ ትሰማለች። ዱቄት የሚነፋ ይመስላታል፤ ከዚያ ሲደውል ትደነግጣለች። ይህች ክፍል በየመጽሐፉ ትጠቀሳለች፤ እኔም ጠቅሻታለሁ። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ግን የልብ ወለዱ ዋና ባለታሪክ በዝናብ ማታ ከደረቱ ዋልነት የምታህል የወርቅ ሰዓት አውጥቶ ያያል፤ መሽቷል፣ መተኛት አለብን ብሎ ይነሣል። ይህች ክፍል አትጠቀስም፤ አትገርምምና። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ተኛ፤ በቃ።

ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄጄ ካንቶን በሰከንድ ትኖር ነበር አልልም። ሰከንድ በፍለሪዬም ለማንም አይጠቅምም ነበር፤ ገበሬው ላሙን በሰከንድ አያልባትም። ቆጣሪው ሲዘል ደስ ይላል፤ ያ እውነት ነው። የእኔ ስሕተት ደስታውን ለቻይናው፣ ቁም ነገሩን ለአውሮፓዊው ማከፋፈሌ ነበር። የጄኔቫው ባለጸጋ ሰዓቱን ለጓደኞቹ ሲያሳይ ዘመናዊ ሰው ነው አልኩ፤ የካንቶኑ ነጋዴ ያንኑ ሲያደርግ ሕፃን አደረግሁት።

የዚያ ንግድ ቤት ስም ቀርቶብኛል። የጄምስ ኮክስ ልጅ በካንቶን ያቋቋመው ቤት ባለቤቶቹ እየተቀያየሩ፣ ስሙም እየተለወጠ፣ ማኚያክ ኩባንያ ሆነ፤ በ1832 ደግሞ ጃርዲን ማቲሰን። ይህ ቤት ከኦፒየም አስገቢዎች ሁሉ ታላቁ ነበር። በሰዓት የተጀመረው የሻይ ክፍያ በኦፒየም ተሟላ፤ ከዚያ በኋላ ብሩ ከቻይና መውጣት ጀመረ። በ1839 ኮሚሽነር ሊን ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ወርሶ አጠፋ። ጦርነት ሆነ፤ በ1842 የናንጂንግ ውል አምስት ወደቦችን ከፈተ። በተከፈቱት ወደቦች የሰዓት ንግድም ሰፋ፤ ነገር ግን ሉሉና ሥዕሉ እየቀሩ፣ የብር ልባስ ያላቸው ርካሽ ሰዓቶች በዙ። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

በጥቅምት 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ዩዋንሚንግዩዋን የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፤ ከዚያም በሎርድ ኤልጊን ትእዛዝ ተቃጠለ። ከጄኔራል ሞንቶባን ጋር በአስተርጓሚነት የነበረው ኮንት ደሪሶን በትዝታው የሚተርከው አንድ ነገር አለ። ወታደሮቹ በሰፈራቸው ውስጥ የዘረፏቸውን ሰዓቶች፣ የሚዘምሩ ወፎችና ዜማ የሚያሰሙ ሣጥኖች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሞልተው ያጫውቱ ነበር። ይህን ሳነብ ድርሳኔን አውጥቼ ያንን ገጽ እንደገና አየሁት። ሰዓትን እንደ መጫወቻ ያየ ሕዝብ ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁት፤ ግን በፈለግሁበት ወገን አልነበረም።

በዚያ ዘመቻ የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሮበርት ናፒየር ይባላል። ይህን ስም በዚህ አዳራሽ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከስምንት ዓመት በኋላ መቅደላ አምባ ላይ የቆመው ያው ሰው ነው። መቅደላ የወደቀችው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ዘረፋዎች በሁለት ካላንደር አንድ ቁጥር መያዛቸው አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ከአጋጣሚው ምንም አልገነባም። ነገር ግን ከቤጂንግ የወጣ ሰዓትና ከመቅደላ የወጣ የብራና መጽሐፍ በአንድ ከተማ ጨረታ ቤቶች መዝገብ ላይ ሳገኛቸው ገጹን ቶሎ መግለጥ ያቅተኛል።

ጄኔቫ በሚገኘው፣ በ2001 በተከፈተው የፓቴክ ፊሊፕ ሙዚየም እነዚህን ሰዓቶች በቅርብ ማየት ይቻላል። በዚያው ከተማ የነበረው የሰዓትና የኢናሜል ሙዚየም ግን በ2002 ተዘርፎ ተዘግቷል፤ ዕድሉ ሲገጥማችሁ ሳታመነቱ እዩ የምለው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ጥንዶች ዛሬ ተለያይተዋል። አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው በሌላ፣ ወይም የት እንዳለ ሳይታወቅ። ለብቻው የቀረ ሰዓት በመዝገብ ላይ የሚጻፈው እንደ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ግን አሁን ሳየው መጀመሪያ የምፈልገው ጽጌረዳዋ ወደየት እንደምታዘነብል ነው።

መብራቱን ያብሩልን። ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት አለን፤ ከኋላ ወንበር ካሉት ተማሪዎች ብንጀምር ደስ ይለኛል።